ማሙሽ ጡት እንዲጠባ

አራስ ልጠይቅ ሄጄ ጉንፋኔን ትቼ መጣሁ። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። ሐምሌ ነበር። ሰኞ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ ማክሰኞ አፍንጫዬ ፈሰሰ፤ ረቡዕ ራሴን እየወቀረኝ ያስነጥሰኝ ጀመር። አጥሚቱ ግን ፔርሙዝ ውስጥ ገብቷል፤ ነጠላዬንም ለብሻለሁ። ሄድኩ።

“ምነው እትዬ ምንትዋብ፣ አመመሽ እንዴ?” አለችኝ ጎረቤቴ ስንዱ፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች።

“አቧራ ነው” አልኳት። በሐምሌ! ደጁ ሁሉ ጭቃ ሆኖ! ይህን ብዬ የአሥራ ሰባት ቀን ልጇን አቀፍኩና ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጣቶቹን ሳምኩ። ገና ክርስትና ስላልተነሣ ማሙሽ ነው የምንለው።

እንግዲህ ስሙኝ፤ አንዱን ከያዛችሁ ሌላው ራሱ ይከተላችኋል።

እሑድ ረፋድ ላይ ማሙሽ ጡት ፈለገ። የፈለገው ይህንኑ ብቻ ነው። ያዘ፣ አንዴ ሳበ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ለቀቀና አለቀሰ።

“አፍንጫ፣ አፍንጫ፣ ተከፈትለት እንጂ” አለች ስንዱ።

“አልከፈትም” አለ አፍንጫ። “ንፍጥ ደርቆብኛል። ለብ ያለ ጨው ውሃ ጠብ አድርጉብኝ።” አፍንጫ ካልተከፈተ ማሙሽ አይጠባ።

“ጨው ውሃ፣ ጨው ውሃ፣ አፍንጫን ክፈት።”

“እንዲህ እንደ በረዶ ሆኜ? ልጁን ላስደነግጥ? መጀመሪያ ልፍላ፣ ከዚያ ለብ ልበል። ማንቆርቆሪያን ለምኚ።” ጨው ውሃ ለብ ካላለ አፍንጫ አይከፈት፤ አፍንጫ ካልተከፈተ ማሙሽ አይጠባ።

“ማንቆርቆሪያ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጨው ውሃን አፍላ።”

“መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ፤ በምኔ ላፍላ? ከሰልን ጠይቂ።” ማንቆርቆሪያ ካላፈላ ጨው ውሃ ለብ አይል፤ ጨው ውሃ ለብ ካላለ አፍንጫ አይከፈት፤ አፍንጫ ካልተከፈተ ማሙሽ አይጠባ።

“ከሰል፣ ከሰል፣ ንደድልኝ።”

ከሰል ፈርኔሎው ላይ ተኮፍሶ ተቀምጧል። “ደጅ እንዳታወጪኝ ዝናብ ነው። በተዘጋ ቤት ብነድ ደግሞ እናትና ልጅን እንደተኛችሁ ላስቀራችሁ ነው። የሰው ነፍስ አታስጠፊኝ! መስኮቱ ይከፈት።” ከሰል ካልነደደ ማንቆርቆሪያ አያፈላ፤ ማንቆርቆሪያ ካላፈላ ጨው ውሃ ለብ አይል፤ ጨው ውሃ ለብ ካላለ አፍንጫ አይከፈት፤ አፍንጫ ካልተከፈተ ማሙሽ አይጠባ።

“መስኮት፣ መስኮት፣ ተከፈት።”

“እኔማ ደስ ባለኝ!” አለ መስኮት ድምፁ ታፍኖ። “እማማ አስካለ ዙሪያዬን በጋቢ ጠቅጥቀውኛል። እሳቸውን ጠይቂ።”

እማማ አስካለ የስንዱ አማት ናቸው። “ምን? መስኮት?” ብለው ተነሡ። “ምች የገባው በዚሁ መስኮት አይደል? ‘አየር ይግባ’ ብላ የከፈተችው ይቺ የተማረችው ናት። የልጅ ልጄን ምች አስመታችብኝ!”

“እማማ፣ ለአፍታ እኮ ነው የከፈትኩት” አለች ስንዱ፣ እንባዋ እየቀደማት።

“ለአፍታ! ምች ደግሞ ቀጠሮ ይፈልጋል? በመስኮት ካልገባ በየት እንደገባ የሚነግረኝ ሰው ይምጣ፤ ያን ጊዜ እከፍታለሁ።”

እማማ ካላወቁ መስኮት አይከፈት፤ መስኮት ካልተከፈተ ከሰል አይነድ፤ ከሰል ካልነደደ ማንቆርቆሪያ አያፈላ፤ ማንቆርቆሪያ ካላፈላ ጨው ውሃ ለብ አይል፤ ጨው ውሃ ለብ ካላለ አፍንጫ አይከፈት፤ አፍንጫ ካልተከፈተ ማሙሽ አይጠባ።

“ጉንፋን፣ ጉንፋን፣ በየት ገባህ?” አለች ስንዱ።

ጉንፋን ከማሙሽ አፍንጫ ውስጥ ሆኖ አንኮራፋ። “በበር ነዋ! በመስኮት የምዘል ሌባ ነኝ? ከአጥሚት ጋር፣ በክብር፣ ‘ኖር’ ተብዬ ነው የገባሁት። ያመጣኝ ሰው ይናገር።”

እኔ ፔርሙዜን ልወስድ መጥቼ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። አፌን “ተናገር” አልኩት። አፌም “አልናገርም” አለኝ። “ስንት ዓመት የተከበርሽበት ሰፈር ነው። ምች ተብሎ ይለፍ።”

አፌ ካልተናገረ እማማ አያውቁ፤ እማማ ካላወቁ መስኮት አይከፈት፤ መስኮት ካልተከፈተ ከሰል አይነድ፤ ከሰል ካልነደደ ማንቆርቆሪያ አያፈላ፤ ማንቆርቆሪያ ካላፈላ ጨው ውሃ ለብ አይል፤ ጨው ውሃ ለብ ካላለ አፍንጫ አይከፈት፤ አፍንጫ ካልተከፈተ ማሙሽ አይጠባ።

ማሙሽ እንደገና ጡቱን ያዘ፣ ሳበ፣ ለቀቀ። በዚህኛው ጊዜ ለቅሶው ቀጥኖ ነበር። ለመጮህም አቅም አጣ።

“እማማ፣ እኔ ነኝ” አልኩ።

“ምኑን?”

“ጉንፋኑን ያመጣሁት። አቧራ አልነበረም። እያመመኝ ነው ልጁን የሳምኩት።”

ስንዱ ቀና ብላ አየችኝ። እማማ ግን አሉ፦ “በሐምሌ አቧራ! እኔስ ገርሞኝ ነበር። ታዲያ ይቺን ልጅ ስሰድባት ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ? ፔርሙዝ ታቅፈሽ?”

“አዎ እማማ።”

“አይ አንቺ!” አሉና ጋቢውን ከመስኮቱ መነጨቁት።

አፌ ተናገረ፣ እማማ አወቁ፤ እማማ አወቁ፣ መስኮት ተከፈተ፤ መስኮት ተከፈተ፣ ከሰል ነደደ፤ ከሰል ነደደ፣ ማንቆርቆሪያ አፈላ፤ ማንቆርቆሪያ አፈላ፣ ጨው ውሃ ፈልቶ ለብ አለ፤ ጨው ውሃ ለብ አለ፣ ጠብ ጠብ ሲል አፍንጫ ተከፈተ፤ አፍንጫ ተከፈተ፣ ማሙሽ ጠባ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጡጫውን ጨብጦ፣ ላብ እስኪያወጣው ጠባ።

እማማ ጋቢውን በስንዱ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። “በይ ልጄ፣ እንዳይበርድሽ” አሏት። ያሉት ይኸው ነው፤ ስንዱም ገባት።

ዝናቡ ሲያባራ ጤና ጣቢያ ሄድን። “አርባ ቀን ሳይሞላው ደጅ አይወጣም” ይሉ የነበሩት እማማ ራሳቸው ጃንጥላውን ያዙ። ነርሷ ትንፋሹን ቆጠረች፣ ደረቱን አዳመጠች። “ሳንባው ደህና ነው፤ ጉንፋን ነው” አለች። “ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካተኮሰው ወይም መጥባት እምቢ ካለ ግን ቀንም ሌትም ሳትሉ አምጡት። የታመመ ሰው ደግሞ አይሳመው።” ይህን ስትል ማንም ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

ማሙሽ ዛሬ ግቢውን በሩጫ ያምሳል፤ ሲያስነጥሰው “አቧራ ነው” እያለ ይስቅብኛል። እናቱ ይቅር ብላኛለች። ነገር ግን ከዚያ በፊት አጥሚት ይዤ፣ እያስነጠሰኝ፣ ስንት አራስ ቤት እንደገባሁ አላውቅም። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የእናንተ ከነበረ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።