«ኖር» ያልተባለው ስፒከር

ተረት ይዣለሁ፤ እናንተ ጆሮ ይዛችሁ ኑ።

እሸቱ የሚባል ሰው ነበረ። ሚስቱ ስንዱ ልትወልድ ጅማ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ጠዋት «ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ ግን አላለቀሰችም» የሚል ወሬ ደረሰው። ከዚያ በኋላ ቢደውል ስልኩ ሁሉ ዝግ ነው። ሰውዬው እንጨት ላይ እንደታሰረ በግ ግቢውን ሲዞር ዋለ። ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት የጫነበት ኮምፒዩተሩም ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው እንቅልፍ ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ ቢቀሰቅሰው፣ ከሚስቱ እህት ከፋንታዬ የድምፅ መልእክት መጥቷል። ፋንታዬ የሰው ልብ ማንጠልጠል ትወዳለች፤ «በጆሮህ ስማ» ብቻ ብላ ጽፋለች። ተጫነው። ጭጭ!

«አንተ ስፒከር፣ የልጄን ድምፅ አሰማኝ እንጂ!»

«ድምፅ አከፋፋዩ ሳይሰጠኝ ከየት አምጥቼ?» አለ ያ አንድ ለእናቱ የሆነ የዩኤስቢ ስፒከር።

ወደ ድምፅ አከፋፋዩ ፕሮግራም ሄደ። «ስፒከሩ አላሰማም አለ፤ ስጠው!»

«ከርነሉ ‹ስፒከር አለ› ሳይለኝ ለማን ልስጥ?»

ወደ ከርነሉ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ አዛዥ ሄደ። «አከፋፋዩ አልሰጥም አለ፣ ስፒከሩ አላሰማም አለ፤ ንገረው!»

«የዩኤስቢው ቀዳዳ ሳይነግረኝ ምን አውቄ?»

ወደ ቀዳዳው ሄደ። «ከርነሉ አልናገርም አለ፣ አከፋፋዩ አልሰጥም አለ፣ ስፒከሩ አላሰማም አለ፤ ንቃ!»

«ኃይል ቆጣቢው ሳይቀሰቅሰኝ?» ብሎ ቀዳዳው ማንኮራፋቱን ቀጠለ።

ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሁሉን ወደሚያስተኛው ወደ ኃይል ቆጣቢው ሄደ። «ቀዳዳው አልነቃም አለ፣ ከርነሉ አልናገርም አለ፣ አከፋፋዩ አልሰጥም አለ፣ ስፒከሩ አላሰማም አለ፤ ቀስቅስ!»

«የገባ እንግዳ ሳይኖር ለማን ብዬ ልነሳ? ስፒከሩ እንደሆነ ድሮም እዚሁ ነበር።»

እሸቱ «አላለቀሰችም ማለት እኮ...» ብሎ መጨረሱን ፈራ።

በዚህ መሀል ጎረቤቱ ጋሽ ደምሴ ገቡ። እሸቱ ቀና እንኳ አላለም። ቆመው ጠበቁ፤ ጠበቁና ተቆጡ።

«ምነው ልጄ! ሰው ሲገባ ኖር አይባልም? በል እንግዲህ፣ ወጥቼ ልግባ!»

ወጡ። ደግመው ገቡ። እሸቱ ደንግጦ ብድግ አለ።

«ኖር ጋሼ!»

«በእግዜር! እንዲህ ነው እንጂ።»

«ወጥቶ መግባት!» ብሎ ጮኸ እሸቱ። የስፒከሩን ገመድ ነቀለ፤ መልሶ ሰካው።

ኃይል ቆጣቢው «ኖር!» ብሎ ብድግ አለና ቀዳዳውን ቀሰቀሰ፣ ቀዳዳው ለከርነሉ ነገረ፣ ከርነሉ ለአከፋፋዩ ተናገረ፣ አከፋፋዩ ለስፒከሩ ሰጠ፣ ስፒከሩም «በእግዜር!» ብሎ አፉን ከፈተ።

«ዋ! ዋ! እኝኝ... ዋ!»

ከኋላ የፋንታዬ ሳቅ ተሰማ። «ሰማሃት እሸቱ? ዘግይታ ጀመረች፤ አሁን ደግሞ አላቆምም አለች!»

እሸቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ኡፍፍ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ የያዘው ትንፋሽ ነው የወጣው። እንባውን እየጠረገ መልእክቱን ደጋግሞ ከፈተው።

«አልቅሺ የኔ እናት፣ አልቅሺ! ዛሬ ዝም በይ የሚልሽ የለም።»

ተረቴ አለቀች፤ ልጅቷ ግን ገና ታለቅሳለች።