ድራይቨሩን የቀየረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ዐይናቸው ለማያይ ተማሪዎች መጽሐፍ ማዘጋጀት ነበር።

ይህን ምሳሌ የተናገሩት መምህር ልሳነወርቅ ናቸው። የተናገሩትም ይርጋ የሚባል አናጢ ጥያቄ ይዞ ቤታቸው ስለመጣ ነው። ይርጋ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ሥራ ቤት ሠርቷል። አሁን ወንድማማቾቹ ከተነጋገሩ ሦስት ወር አልፏቸዋል፤ ሥራ ቤቱም ተዘግቷል። ይርጋ ማን ምን እንዳደረገ አልተናገረም። ነገሩ እንዲያው በራሱ ጊዜ ተበላሸ ብቻ አለ። ከዚያም ሁሉንም ትቶ ሌላ አገር ሄዶ እንደ አዲስ ቢጀምር ይሻል እንደሆነ፣ ወይስ ይህ ነገር የሚጠገን እንደሆነ ጠየቃቸው። መምህሩ ይጠገናልም አይጠገንምም አላሉትም። አንድ ሰው ነበረ አሉት እንጂ።

ሰውዬው የሚሠራው በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ዐይናማ የሚያነበውን መጽሐፍ በኮምፒዩተር ይገለብጣል፤ ከዚያ የብሬል ማተሚያው በወፍራም ወረቀት ላይ በጣት የሚነበቡ ነጥቦች አድርጎ ያወጣዋል። የታሪክ መጽሐፍ ቀላል ነው። የሒሳብ መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ ሁሉ በቃል ተገልጦ መጻፍ አለበት፤ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች መደመሩ መቀነስ ይሆናል። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍሉን የሒሳብ መጽሐፍ ለመጨረስ ሰውዬው ሦስት ዓመት ፈጀበት። በዚያ ዓመት ሰባት ተማሪዎች ለመልቀቂያ ፈተና ይዘጋጁ ነበር። ከእነሱ በፊት የነበሩት ሒሳብን የተማሩት በጆሯቸው ብቻ ነው፤ ሰው ያነብላቸዋል፣ እነሱ በቃላቸው ይይዛሉ። በገዛ ጣታቸው ሊያነቡት የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ሰባቱ ነበሩ።

ፈተናው ሃያ ስድስት ቀን ሲቀረው መጽሐፉ መታተም ጀመረ። ማተሚያው አሮጌ ነው። ዝግ ይላል፤ ነገር ግን አይሳሳትም። አራት ምዕራፍ ወጣ፣ ስድስት ቀረ።

ኮምፒዩተርና ማተሚያ ቋንቋቸው አይገናኝም። በመካከላቸው ቆሞ የአንዱን ለሌላው የሚያደርስ አስተርጓሚ አለ፤ ባለሙያዎቹ ድራይቨር ይሉታል። ሰውዬው ማተሚያውን የሚያፈጥን አዲስ ድራይቨር እንደመጣ ከአንድ ወዳጁ ሰማ። በፍላሽ ተቀብሎም ያዘው።

አብራው የምትሠራ አራሚ ነበረች። ዐይነ ስውር ናት፤ የታተመውን ገጽ ሁሉ በጣቷ እያነበበች ስሕተቱን የምትለቅመው እሷ ናት። ሐሳቡን ሲነግራት «መጀመሪያ ይህን መጽሐፍ እንጨርስ፤ በሥራ ላይ ያለ ነገር አይነካም» አለችው። ልክ እንደሆነች ያውቃል። ግን ቸኩሏል። ደግሞም መጽሐፉን ከተባለው ቀን ቀድሞ አድርሶ መመስገን አምሮታል። ሰኞ ጠዋት እሷ ሳትመጣ ገብቶ የቆየውን ድራይቨር አጠፋና አዲሱን ጫነ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቼ ልነሣ አለው። እሺ አለው።

አልተነሣም። የሠሪው ኩባንያ ምልክት ብቅ ይላል፤ ይጠፋል። እንደገና ብቅ ይላል፤ ይጠፋል። በሽተኛ ከአልጋው ቀና ብሎ መልሶ እንደሚወድቅ ነው የሆነው። ሰውዬው አሥር ጊዜ አጠፋ፣ አሥር ጊዜ አበራ። ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። ሆዱን ከፍቶ አቧራውን ጠረገለት። ለውጥ የለም። ያን ጊዜ ነው የደነገጠው፤ መጽሐፉ ያለው በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነበርና። ሌላ ቦታ ልቅዳው እያለ፣ ነገ ነገ ሲል፣ ሦስቱ ዓመት አልፏል።

ርዕሰ መምህርቷ ደርሳ ምን ሆነህ ነው አለችው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ ብሎ መለሰላት። በዚያ ከተማ መብራት በቀን አራት አምስት ጊዜ ይሄዳል። ማን ይጠራጠረዋል? ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። አፍሮ ነው። ሰባት ልጆች የሚጠብቁትን ነገር በገዛ እጄ አበላሸሁት ለማለት አፉ አልታዘዝ አለው።

ርዕሰ መምህርቷም በማግሥቱ ባለሙያ አስመጣች። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ሥራውን የሚያውቅና ትሑት። ችግሩ የመብራት ነው ስለተባለ በመብራት በኩል ያለውን ሁሉ ፈተሸ። ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ፈታ፣ በሌላ ተካ። ጉዳት አላገኘም። ሜሞሪ የሚሉትንም ክፍል አውጥቶ መለሰ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «ከመቆሙ በፊት የነኩት ወይም የቀየሩት ነገር ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ምንም» አለ ሰውዬው።

ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ውሸት ሳያስብ አምልጦት ነበር፤ ሁለተኛውን ግን አስቦ ተናገረው፤ የመጀመሪያው እንዳይፈርስበት።

ባለሙያው እንግዲህ መብራቱ ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ዲስክ መትቶት ይሆናል ብሎ ደመደመ። የቀረው ፎርማት ማድረግ ነው፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን። ኮምፒዩተሩ ይነሣል፤ በውስጡ የነበረው ግን አይገኝም አላቸው። ርዕሰ መምህርቷ ፈተናው አሥራ ስምንት ቀን እንደቀረው፣ ኮምፒዩተሩ ከተነሣ ቢያንስ ዋና ዋናውን ክፍል ሦስት ሰው ተካፍሎ እንደገና ሊጽፈው እንደሚችል ተናገረች። አድርገው አለች። ባለሙያው መጫኛውን ሲዲ ሊያመጣ ሄደ፤ ከምሳ በኋላ ሊመለስ።

ሰውዬው ቢሮው ውስጥ ቀረ። አራሚዋ ከአጠገቡ ተቀምጣ የአራተኛውን ምዕራፍ የመጨረሻ ገጾች ታነብ ነበር። ጣቷ መስመሩ ላይ ይሄዳል። ስትጨርስ ወረቀቱን አስተካክላ ደረደረችና፣ «ያን አዲሱን ነገር ጫንከው?» አለችው።

አልመለሰላትም። ከዝምታው አወቀች። አልተቆጣችውም፤ የራሷን ነገር ነው የነገረችው።

«እኔ ከቤቴ እዚህ ስመጣ መንገድ የሚጠፋኝ ቀን አለ» አለች። «ጉድጓድ ይቆፈራል፣ መኪና ይቆማል፣ ዞር ስል አቅጣጫው ይጠፋኛል። ያን ጊዜ ወደፊት አልሄድም። በመጨረሻ እጄ የነካውን ግድግዳ ነው የምፈልገው። እሱን ካገኘሁ መንገዱን አገኘሁት ማለት ነው። አንድ ቀን አፍሬ፣ ሰው እንዳያየኝ ብዬ፣ መንገዱ እንዳልጠፋኝ መስዬ ዝም ብዬ ወደፊት ተራመድኩ። ከወንዙ ዳር ነው ያነሡኝ።»

ባለሙያው ተመለሰ። ርዕሰ መምህርቷም አብራው ገባች። ሲዲው ገባ። ኮምፒዩተሩ ሁሉም ነገር እንደሚጠፋ አስታውቆ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀ። የባለሙያው ጣት ወደ ቁልፉ ሄደ።

ሰውዬው ተነሥቶ እጁን ያዘው።

«ተው፤ አትንካው» አለ። «መብራት አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት የማተሚያውን ድራይቨር አጥፍቼ ሌላ ጫንኩ። ጠዋትም ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ።»

ርዕሰ መምህርቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባለሙያው ሰውዬውን አየው፤ ከዚያ ሲዲውን አወጣና አስቀመጠው። ይህን ጠዋት ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ደህናውን ክፍል ሲፈታ እንደማይውል ብቻ ተናገረ፤ ወንበሩንም ስቦ ተቀመጠ።

ኮምፒዩተር ታምሞ መነሣት ሲያቅተው፣ በኋላ የተጨመሩትን ሁሉ ሳይጠራ ለነፍሱ በሚበቃው ብቻ የሚነሣበት መንገድ አለ። ሴፍ ሞድ ይሉታል። እዚያ ለመግባት ሲበራ ቅጽበቷን ጠብቆ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ አመለጣቸው። በሦስተኛው ሰውዬው ልሞክር ብሎ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ገባ። የኮምፒዩተሩ ማያ ፊደሉ ገዝፎ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ተከፈተ። አዲሱን ድራይቨር ከተቀመጠበት አጠፉት። ኮምፒዩተሩንም አጥፍተው አበሩት።

ምልክቱ ብቅ አለ። ጠፋ።

ባለሙያው ራሱን እየነቀነቀ ዲስኩም ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ርዕሰ መምህርቷ ሲዲውን አየችው። ሰውዬው ግን ከመቀመጫው አልተነሣም። ወረቀት ሳበና ሰኞ ጠዋት በሩን ከከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የሠራውን አንድ በአንድ ጻፈ። ይህን ከፈትኩ፤ ይህን አጠፋሁ፤ ይህን እሺ አልኩ። የጎደለ ሲመስለው ዐይኑን ጨፍኖ እጁን በቁልፎቹ ላይ ያመላልሳል፤ የሠራውን እጁ እንዲያስታውሰው። አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከድራይቨሩ ጋር በዚያው ፍላሽ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። ወዳጁ አታስፈልግህም ብሎት ነበር፤ እሱ ግን አብራ ትሁን ብሎ ጭኗታል። ከድራይቨሩ ስላነሰችበት ከጥፋት አልቆጠራትም ነበር።

«ሌላም አለ» አለ።

እንደገና በዚያው ጠባብ በር ገቡ። ያቺን ፈልገው አጠፏት። አጠፉና አበሩ።

ምልክቱ ብቅ አለ። ቆየ። ከዚያ ማያው እንደ ድሮው ተከፈተ።

ሰውዬው መጽሐፉን ከፍቶ እስከ ዐሥረኛው ምዕራፍ ድረስ ገጹን ሁሉ አየ፤ ያለ ነው። ሌላ ነገር ሳይነካ በሁለት ፍላሽ ቀድቶ አንዱን ለርዕሰ መምህርቷ፣ አንዱን ለአራሚዋ ሰጠ። የቆየውን ድራይቨር ፍለጋ ዕቃ ቤት ገብቶ ከማተሚያው ካርቶን ውስጥ ሲዲውን አገኘው። ጫነው። ማተሚያው በዚያው በዝግታው አምስተኛውን ምዕራፍ ጀመረ።

ርዕሰ መምህርቷ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ፣ «ስሕተቱን ረስቼልሃለሁ» አለችው። «ሁለቱን ቀን ግን ገና አልረሳሁትም።» ሰውዬው የሚገባው ነው ብሎ ተቀበለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ከሁሉም ኋላ ይወጣ ነበር። ሰባቱ ተማሪዎች ፈተናው ስምንት ቀን ሲቀረው መጽሐፉን ተቀበሉ። አንዷ ተማሪ የመጀመሪያውን ገጽ ከፍታ የክፍልፋዩን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ «ለካ እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለች።

መምህር ልሳነወርቅ እዚህ ሲደርሱ ወደ ይርጋ ዞሩ።

«አንተም ልጄ፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ተበላሸ አልኸኝ» አሉት። «ሰውዬው መብራት ነው እንዳለው ማለት ነው። ሌላ አገር ሄጄ እንደ አዲስ ልጀምር ማለትህም ሁሉን ጠርጌ ልጫን ማለት ነው። ይቻላል፤ አንተም ትነሣለህ። ዐሥራ ሁለቱ ዓመት ግን አብሮህ አይነሣም። ይጠገናል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። የማንም ሰው ነገር፣ በመጨረሻ የነካውን እስኪናገር ድረስ ይጠገን አይጠገን አይታወቅም። ስለዚህ መልሼ እኔ ልጠይቅህ። ሥራ ቤታችሁ ከመቆሙ በፊት በመጨረሻ የነካኸው ምንድን ነው? ወንድምህ የነካውን አልጠየቅሁህም።»

«ለአንድ ደንበኛ ነገርኩት» አለ ይርጋ። «የወንድሜ እጅ ደክሟል፣ ልኬት ይስታል፣ ሥራህን ለእኔ ብቻ ስጠኝ አልኩት። ወንድሜ ሰምቷል መሰለኝ።»

«ደክሟል እንዴ?»

«አልደከመም።»

«እንግዲያው ከየት እንደምትጀምር ታውቃለህ» አሉት መምህሩ። «ለእኔ መንገር ቀላሉ ነው፤ እኔ የሥራ ቤታችሁ ሰው አይደለሁም። ሂድና ለደንበኛው አልደከመም በለው። ከዚያ ለወንድምህ የሠራኸውን ሳትቀንስ ንገረው። በመጀመሪያው ቀን ላይመልስልህ ይችላል። ያን ጊዜ የተበላሸ ነው ብለህ እንዳትተወው። ቤትህ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ሌላ የነካኸው እንዳለ አስታውስ። ትንሽ ነው ብለህ ያለፍኸው ይኖራል። እሱንም ይዘህ ተመለስ።»