እመት ሽኮኮና የተራበችው ኮከብ

ስሙኝማ ልጆቼ፤ ጆሮ ያለው ትልቅ ሰውም ጠጋ ይበል። ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳት ሁሉ ባንድ ቋንቋ በሚሟገቱበት ዘመን፣ ስሙን እኔም አያቴም የማናውቀው አንድ አገር ነበር። በዚያ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ከተራራው አናት በላይ አንዲት ትልቅ ኮከብ ትታያለች። እንደ ሌሎቹ ነጭ አይደለችም፤ የበሰለ ብርቱካን ትመስላለች። ስሟን ፍሚት ይሏታል። የአገሩ ንጉሥ አያ አንበሳም "የኔ ጎፈርና የእሷ መልክ አንድ ነው፤ ኮከቤ ናት" እያለ ይኩራራባት ነበር።

ታዲያ ፍሚት አንድ አመል ነበራት። በየአርባ ቀኑ ብርሃኗ ይደክማል። ሁለት ምሽት አመድ እንደ ለበሰ ፍም ድብዝዝ ትልና በሦስተኛው ትደምቃለች።

ይህን ያየ አያ ጅቦ አንድ ቀን ንጉሡ ዘንድ ቀርቦ እጅ ነሣና፣ "ጌታዬ፣ ኮከብዎ ርቧት ነው" አለ።

"ኮከብ ይርበዋል እንዴ?"

"የንጉሥ ኮከብ ይርባታል እንጂ። ግልገል ካልቀመሰች ትጠፋለች። እሷ ከጠፋች ደግሞ... ይቅር፣ በአፌ አልጠራውም።"

ንጉሥም ቢሆን ሞት ያስፈራዋል። ከዚያ ወዲህ ፍሚት የምትደበዝዝበት ቀን ሲደርስ ዕጣ ይጣላል። ዕጣ የወጣባት እናት ልጇን ታስረክባለች፤ አያ ጅቦም ልጁን እየነዳ ብቻውን ኮረብታው ላይ ይወጣል። በሦስተኛው ምሽት ኮከቧ ስትደምቅ ይወርድና "በሉ እንግዲህ፣ ጠገበች" ይላል፤ ግሳቱን ዋጥ አድርጎ።

አንድ ጊዜ ዕጣው ገደል ላይ በምትኖረው በእመት ሽኮኮ ላይ ወጣ። እመት ሽኮኮ ባሏ የሞተባት፣ ጅራት እንኳ የሌላት ትንሽዬ ሴት ናት። ያላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ድንቡሼ ትባላለች። ወሰዷት።

ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ሌሎች እናቶች አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሱ ነበር። እመት ሽኮኮ ግን ቀና አለች። በየምሽቱ ገደሉ ጫፍ ላይ ትቀመጥና ፍሚት ላይ ታፈጣለች። "ልጄን የበላሽ አንቺ ከሆንሽ፣ እስቲ አፍሽን አሳዪኝ" ትላታለች።

ጎረቤቷ እመት ኤሊ ይህን ሰምታ፣ "ተይ እንጂ እህቴ፤ ከሰማይ ጋር ይጣሏል?" አለቻት።

"ልጄን የወሰደብኝ ሰማይ ከሆነ፣ ከሰማይ ጋር እጣላለሁ።"

የሽኮኮ ዓይን ፀሐይን እንኳ ትክ ብሎ የሚያይ ዓይን ነው። አፈጠጠች፣ አፈጠጠች፤ አፍ የሚባል ነገር አጣች። ያገኘችው ሌላ ነው። ከፍሚት ጎን የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ኮከብ ተጠግታለች። ዓይኗን አሻሽታ አየች፤ አሁንም እዚያው አለች። ሰንበት ብላ አየች፤ ቦታዋን ለውጣለች። እመት ሽኮኮ በጥፍሯ ድንጋይ ላይ ምልክት እየጫረች ተከታተለቻት።

አርባው ቀን ሞላ፤ የእመት ከርከሮ ልጅ ተወሰደ። በዚያው ምሽት ነጯ ኮከብ ዞራ ዞራ ከትልቋ ኋላ ገባች፤ ፍሚትም ደበዘዘች። በሦስተኛው ምሽት ነጯ በወዲያኛው ጎን ብቅ ስትል ብርሃኑ ተመለሰ። ለካ ያ ሁሉ ድምቀት የሁለቱ ብርሃን ተደምሮ ኖሯል።

እመት ሽኮኮ ይህን ባወቀች ቀን ደስ አላላትም። ድንቡሼ በከንቱ እንደሞተች ገባትና ድንጋዩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ተነሥታ እንባዋን ጠረገች።

ቀጥሎ ዕጣው በእመት ሚዳቋ ላይ ወጣ። እንስሳቱ በምሽት ተሰብስበው፣ እናቲቱ ግልገሏን ከሆዷ ሥር ደብቃ ስትንቀጠቀጥ፣ እመት ሽኮኮ መካከል ገብታ ቆመች።

"ኮከቧ አልራባትም። ደግሞም አንድ አይደለችም፤ ሁለት ናቸው። ትንሿ ከኋላ ስትገባ ነው ትልቋ የምትደበዝዘው" አለች።

ሁሉም አንጋጠጠ። ያየው አንድ ነው።

"አንድ ናት በዪ" አለ አያ ጅቦ።

"ዓይኔ ሁለት ይላል።"

"ኀዘን ዓይንሽን ጋርዶት ነው። አንድ ናት በዪ።"

"ዓይኔ ሁለት ይላል።"

አያ አንበሳ አገሳ፤ ቅጠል ረገፈ። "የኔ ኮከብ አቻ የላትም። አንድ ናት በዪ።"

እመት ሽኮኮ ከቆመችበት ንቅንቅ ሳትል መለሰች። "ንጉሥ ሆይ፣ ሊበሉኝ ይችላሉ። ዓይኔ ግን ሁለት ይላል። ነገ ማታ ትደበዝዛለች። ግልገሉ ከእናቱ ጋር ይሰንብት፤ አያ ጅቦም ከእግርዎ ሥር እንዳይነሣ፣ ምንም እንዳይቀምስ። በሦስተኛው ምሽት ካልደመቀች እኔን ይብሉኝ።"

"ጌታዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጦም ማደር እኮ ይገድላል" አለ አያ ጅቦ።

"ማንን?" አለች እመት ሽኮኮ።

"ኮከቧን ነዋ" አለ ምራቁን ውጦ።

አያ አንበሳ ሽኮኮዋን አየ፣ ጅቡን አየ፤ "እሺ ይሁን" አለ።

በማግሥቱ ምሽት ፍሚት ደበዘዘች። አያ ጅቦ "ይኸው፣ ልትሞት ነው" እያለ ያላዝን ጀመር። በሁለተኛው ምሽት ባሰ። እንስሳቱ እመት ሽኮኮን ይገፈትሯት፣ ይረግሟት ጀመር፤ "ባንቺ ግትርነት ሁላችንም ልናልቅ ነው" አሏት። እመት ሚዳቋ ራሷ ተጠግታ፣ "እህቴ፣ ግልገሌን ብሰጣቸው ይሻል ይሆን? ለአገር ጠንቅ ከምሆን" አለቻት።

"ያዢው ልጅሽን" አለች እመት ሽኮኮ። "እኔ የሰጠሁ ቀን አገር ምን ተጠቀመ?"

ሦስተኛው ምሽት ደረሰ። አያ አንበሳ እመት ሽኮኮን ከፊቱ አስቀምጦ ጥፍሩን ዘረጋ። እሷ ጥፍሩን አላየችም፤ ሰማዩን ነው የምታየው። ፍሚት እንደደበዘዘች ከተራራው በላይ ብቅ አለች። እመት ሽኮኮ ዓይኗን አልነቀለችም። ቆይታ ቆይታ፣ በቀስታ፣ "ነጯ ወጣች" አለች።

ማንም ምንም አላየም። ጥቂት ቆይቶ ግን ብርቱካናማው ብርሃን እየፈካ መጣና እንደ ድሮው ቦግ አለ። ግልገሉ ከእናቱ ሆድ ሥር ጡት እየጠባ ነበር።

አያ አንበሳ ወደ ጅቡ ዞረ። "ኮከቧ ምንም ሳትቀምስ ጠገበች። እንግዲያ ያን ሁሉ ልጅ የበላው ማነው?"

አያ ጅቦ በሦስት ቀን ጦም ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል፤ አእምሮውም ዞሯል። "ጌታዬ፣ እኔ እንኳ አጥንቱን ብቻ ነው የቀመስኩት" አለ።

አፉን ከዘጋ በኋላ ነው ያለው ነገር የገባው። ቀድማ የተነሣችው እመት ከርከሮ ናት። ከኋላዋ እናቶቹ ሁሉ ተነሡ። አያ ጅቦ ሮጠ፤ እነሱም ተከተሉት። ከዚያች ምሽት ወዲህ በዚያ አገር ያየው የለም። የት እንደደረሰ እናቶቹ ያውቃሉ፤ አይናገሩም።

አያ አንበሳ ሐፍረቱን ሊሸፍን፣ "እመት ሽኮኮ፣ ከእንግዲህ የኔ ኮከብ ቆጣሪ ሁኚ" አላት።

"ንጉሥ ሆይ" አለች፣ "ልጄን ሲነዷት ወዴት ነው ብለው አልጠየቁም። ለማይጠይቅ ንጉሥ ቆጣሪ ምን ይሠራለታል? ቀና ብለው ራስዎ ይዩ።"

በአንድ ጥፍር ያደቅቃታል ብለው ሁሉም ጠበቁ። አያ አንበሳ ግን አንገቱን ደፋ። ዕጣውም በዚያው ቀረ።

እመት ሽኮኮ ወደ ገደሏ ተመለሰች። ድንቡሼ አልተመለሰችላትም፤ የሄደ ልጅ አይመለስም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የአገሩ ልጆች ገደሉ ጫፍ ድረስ እየወጡ ነጯን ኮከብ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ያያል፣ አንዳንዱ አያይም። "ያላየ አላየሁም ይበል፤ ነውር የለውም" ትላቸዋለች።

ተረቴን እዚህ አስቀምጫለሁ፤ የወደደ ያንሣው። አባቶችም እንዲህ ይላሉ፦ ሰማይ ራበው የሚልህን፣ አስቀድመህ አፉን አሽት።