በአጎዛ የተጠቀለለው በረዶ

አንድ ጊዜ፣ የኅዳር ውርጭ ሣሩን ነጭ በሚያለብስበት ከፍ ያለ ተራራ ላይ አንዲት አሮጊት አህያ ብቻዋን ትኖር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለጨው ነጋዴዎች አሞሌ ስትሸከም ኖራ፣ አንድ ቀን ዳገቱ ላይ እግሯ ተሰበረ። ነጋዴዎቹ ጭነቷን ለሌሎቹ አህዮች አከፋፍለው ጥለዋት ሄዱ። አንድ የተሰበረ እንስራና ጭነቱ ጀርባዋን እንዳይልጠው ከሥር ይነጠፍላት የነበረውን የበግ አጎዛ ብቻ ተዉላት። አጎዛውን የተዉት አዝነውላት እንዳይመስላችሁ፤ እንደ እሷው አርጅቶ ነው።

እግሯ ዳነ፤ እያነከሰች ግን ቀረች። በተራራው ላይ ሣር አለ፣ ምንጭ አለ፣ የምታድርበት ዋሻም አለ፤ የሚያናግራት ግን የለም። ብቸኝነቱ ሲጠናባት ወደ ገደሉ ዞራ ታናፋለች፤ ገደሉም መልሶ ያናፋላታል። መጀመሪያ ሌላ አህያ መስሏት ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠራ ዋለች። የገዛ ድምፅዋ መሆኑን ያወቀች ቀን ሣር አልቀመሰችም።

አያ ጅቦ እንኳ አልበላትም። አንድ ማለዳ መጥቶ ዙሪያዋን ከቃኘ በኋላ «አንቺ እኮ አጥንት ብቻ ነሽ! ትንሽ ወፈር በዪና እመለሳለሁ» ብሏት ሄደ። ጅብ የተዋት አህያ ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነች እናንተው ገምቱት።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ሁለት የቀበሮ ልጆች ዋሻዋ ደጃፍ ድረስ መጡ። ታላቅየዋ ነጭ ጭራ ያላት ስለሆነች ነጭት ይሏታል፤ ታናሽየው ደግሞ ሆዱ ከእግሩ ቀድሞ ስለሚሄድ ድንቡሽ ይሉታል። ድንቡሽ አህያዋ የምትጠጣበትን የእንስራ ገል በአፍንጫው ነካ አድርጎ ደነገጠ።

«እትዬ አህያ! ውሃዎ ሞቷል!»

አህያዋ ማንን እንደሚያናግር ለማወቅ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ማንም የለም። እሷን ነው።

«አልሞተም ልጄ» አለች። «ብርድ ይዞት በረዶ ሆኖ ነው። ተኝቷል በለው።»

«ታዲያ ማን ይቀሰቅሰዋል?» አለች ነጭት።

አህያዋ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን ከነገረቻቸው እንደሚሄዱ ገባትና አፏን መልሳ ዘጋች።

«እንሞክራ!» አለች። «ሙከራ ግን ሕግ አለው። መጀመሪያ ትገምታላችሁ፤ ከዚያ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ ታያላችሁ። መጨረሻ ላይ ያያችሁትን ብቻ ትናገራላችሁ።»

የእንስራውን ስብርባሪ ፈልገው ሦስት ገል ውሃ ሞሉ። በእያንዳንዱም አንድ አንድ ቀይ የቀጋ ፍሬ ጣሉበት። በማግስቱ ሲመጡ ሦስቱም ውሃ በረዶ ሆኗል፤ ቀጋዎቹም መሐሉ ላይ ተይዘው ቀርተዋል። አንደኛውን ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ፣ ሁለተኛውን ጥላ ሥር አስቀመጡ። ሦስተኛውን በአጎዛው ጠቀለሉት።

«ማን ቀድሞ ቀጋውን ይለቃል? ገምቱ።»

«የአጎዛው!» አለ ድንቡሽ። «አጎዛ ይሞቃላ!»

«የፀሐዩ» አለች ነጭት።

ጠበቁ። መጠበቅ ለድንቡሽ ከባድ ሥራ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ በረዶውን ሊልስ ሞከረ። የፀሐዩ ቀድሞ ቀለጠ፤ ቀጋውንም ድንቡሽ ማንንም ሳያማክር ዋጠው። ቀጥሎ የጥላው ቀለጠ። እናታቸው እመት ቀበሮ እኩለ ቀን ላይ ልትወስዳቸው ስትመጣ አጎዛውን ገለጥ አደረጉት፤ በረዶው አለ!

«አጎዛ አይሞቅም እንዴ?» አለ ድንቡሽ ተቀይሞ።

«አጎዛ የራሱ ሙቀት የለውም ልጄ። የሰጡትን ይጠብቃል እንጂ። ሙቀት ስትሰጠው ሙቀትህን፣ ብርድ ስትሰጠው ብርዱን።»

«ይሄኛውስ መቼ ይቀልጣል?» አለች ነጭት።

«ነገ ኑና እዩ» አለች አህያዋ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ነገ» የሚለው ቃል ያን ቀን ጣፈጣት።

ከሰዓት በኋላ አጎዛውን ስትገልጠው ቀጋው ውሃ ላይ ተንሳፍፏል። ጥያቄው አልቋል። ጥያቄው ካለቀ ደግሞ ልጆቹ ነገ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? አህያዋ ገሉን በአዲስ ውሃ ሞላች፤ አዲስ ቀጋ ጨመረች፤ ደጅ ላይ ለውርጩ ትታው አደረች። ንጋት ላይ በአጎዛው ጠቀለለችው።

«አልቀለጠም!» ብለው ጮኹ ልጆቹ።

«አልቀለጠም» አለች አህያዋ፤ ዓይናቸውን ግን አላየችም። «ነገ ኑ።»

እንዲህ እያለች ስድስት ቀን ቆየች። እመት ቀበሮ ቀጋውን አሽትታ በየቀኑ አዲስ መሆኑን ያወቀችው በሁለተኛው ቀን ነበር። ቀበሮ ናትና ዝም አለች፤ አህያዋ ልጆቹን በያዘችላት ቁጥር እሷ ተረጋግታ አይጧን ታድናለች። ድንቡሽ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ፣ ቁራውንም ጭላዳውንም፣ «እትዬ አህያ ዘንድ የማያልቅ ነገር አለ! በአጎዛ ተጠቅልሏል!» እያለ ያወራ ጀመር።

ወሬው አያ ጅቦ ዘንድ ደረሰ። እሱ ደግሞ «የማያልቅ» ሲባል የሚታየው ምግብ ብቻ ነው። በስድስተኛው ቀን ልጆቹ ሄደው አህያዋ ወደ ምንጭ ስትወርድ፣ ጠብቆ አጎዛውን ከነገሉ አንስቶ እብስ አለ።

አህያዋ ስትመለስ አጎዛው የለም። ያን ቀን ሲመሽም ሲነጋም መላ ስትፈልግ ቆየች። በማግስቱ ልጆቹ ሲመጡ በዋሻው በር ላይ ቆማ መግቢያውን ዘጋች።

«ዛሬ አይታይም። ውስጥ ነው። ብርሃን ካየ ይከፋዋል።»

«አለ ግን?» አለች ነጭት።

«እንዴ! አለ እንጂ።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ አያ ጅቦ ግማሽ አጎዛ በአፉ አንጠልጥሎ እየተነጫነጨ ደረሰ። ሌላውን ግማሽ በልቶት ነበር።

«እትዬ አህያ! የማያልቅ ነገር አለ አሉኝ። ‹ጮማ ነው› ብዬ ገመትኩ። ከዋሻዬ ደጅ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አየሁም። ሳይመሽ ውሃ ሆነ! በውሃው መሐል ያለችው ደግሞ አንዲት ፍሬ! ጅብ ለፍሬ ይህን ሁሉ መንገድ ይሄዳል?» ግማሹን አጎዛ ወርውሮላት «ደግሞ አሁንም አልወፈርሽም!» እያለ ተመለሰ።

ሞኙ ጅብ ገምቶ፣ ጠብቆ፣ አይቶ፣ ያየውን ተናግሯል። ሕጉን ያወጣችው አህያ ግን አንገቷን ደፍታለች።

«እትዬ፣ ውስጥ ነው አላሉንም?» አለ ድንቡሽ። «እኔ እኮ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

ነጭት ወንድሟን በጆሮው ይዛው ሄደች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ከአሞሌው ጋር የነጋዴዎቹን ስንቅ ስትሸከም የኖረችው አህያ ይህን ማወቅ ነበረባት። በማግስቱ ማንም አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። በየገሉ ያለው ውሃ ጠዋት በረዶ ይሆናል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል፤ የሚገምትለት የለም። አህያዋ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ከነበረችውም ይልቅ ብቸኛ ሆነች፤ ያን ጊዜ የምትናፍቀው ፊት አልነበራትማ።

በአራተኛው ቀን እያነከሰች ወደ ቀበሮዎቹ ጉድጓድ ወረደች። በዕድሜዋ ያለ ጭነት ወደ ሌላ ደጅ ስትሄድ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ልጆቼ፣ በረዶው ሁልጊዜም ከሰዓት በኋላ ይቀልጥ ነበር» አለች ከደጅ ቆማ። «የምለውጠው እኔ ነበርኩ። ጥያቄው ካለቀ አትመጡም ብዬ ፈራሁ። ብቸኝነቱ ገደለኝ።»

ነጭት ጭንቅላቷን ከጉድጓዱ ብቅ አደረገች። «ታዲያ ‹ኑልኝ› አይሉንም ነበር?»

«እንዴት እንደሚባል አላውቅም፣ ልጄ። እኔን ዕድሜዬን ሁሉ ‹ተሸከሚ› እና ‹ሂጂ› ሲሉኝ ኖሩ። ‹ነይ› ያለኝ የለም። ከማን ልማረው?»

እመት ቀበሮ ከውስጥ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እሷም ዝም ስላለችበት ነገር አፍራ ነበር። ነጭት ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለች፦

«እንሞክር። ዛሬ ማታ በረዶ የሚሆን ውሃ ደጅ አያስቀምጡ። ነገ መምጣት አለመምጣታችንን ይገምቱ፤ ይጠብቁ፤ ይዩ።»

በማግስቱ በአህያዋ ደጅ ምንም ገል አልነበረም። ገመተች። ጠበቀች። ውርጩ ከሣሩ ላይ ተነሣ። ፀሐይ ድንጋዩን መታው፤ ጥላውም እያጠረ ሄደ። ወደ ገደሉ ዞራ ልታናፋ አሰበችና ተወችው። ፀሐይ አናት ላይ ሊደርስ ሲል ከታች የትንንሽ እግሮች ኮቴ ተሰማ። ድንቡሽ አንዲት ቀጋ በአፉ ይዟል፤ የሚገርመው አልዋጣትም።

«ገመቱ?» አለች ነጭት።

«ገመትኩ።»

«ምን ብለው?»

«አይመጡም ብዬ።»

«ታዲያ ምን አዩ?»

አህያዋ ዛሬ ዓይናቸውን አየች። ሕጉ ሕግ ነው፤ ያዩትን መናገር ያስፈልጋል።

«መጣችሁ» አለች። «ነገም ኑልኝ።»

ከዚህ የምንማረው ወዳጅን በውሸት ከማቆየት ይልቅ «ብቸኝነት ከብዶኛልና ኑልኝ» ብሎ እውነቱን መናገር እንደሚሻል ነው።