ማማ ላይ የቀረው እንቅልፍ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ገና ከአሁኑ ማዛጋት ተጀመረ? የዛሬው ተረት የእንቅልፍ ነውና ቀድሞ የተኛ መጨረሻውን አይሰማም። ጠጋ ጠጋ በሉ። እንደገና፣ ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ አገር፣ ቢያድግልኝ የሚባል ጎበዝ ነበረ። ወንጭፍ ከወነጨፈ አይስትም። ከጮኸ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ያለ ከርከሮ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። በዚያ አገር ማሽላው ሲያሽት ከርከሮና ጃርት ሌሊት ሌሊት እየመጡ ያወድሙታል። ስለዚህ ማሳው መሃል በእንጨት ላይ ከፍ ያለ ማማ ይሠራና ጠባቂ ይወጣበታል። ሲነጋ ይወርዳል።

ቀድሞ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ይጠብቅ ነበር። የቢያድግልኝ ጉብዝና ሲታወቅ ግን አንዱ መጣና፦ «ልጄ፣ የኔም ማሳ ካንተ አጠገብ ነውና ዓይንህን ጣል አድርግበት» አለው። እሺ አለ። ከዚያም ሌላው መጣ። እሱንም እሺ አለ። እምቢ ማለት የማያውቅ ልጅ ነበረና የአገሩ ማሽላ ሁሉ በሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሰዉም፦ «እሱ እንደሆነ እንቅልፍ አያውቅም!» እያለ አሞገሰውና ቤቱ ገብቶ ለጥ አለ። ሙገሳ ምን ያስከፍላል?

«ቀን ይተኛ የለ?» ይሉ ነበር። አይ ሰው! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ። ቀን ጋደም ሲል ዶሮው ይጮኻል። ዶሮው ዝም ሲል ዝንቡ ይመጣል። ዝንቡን አባሮ ዓይኑን ሲከድን ጎረቤት ደጁ ላይ ቆሞ፦ «ቤቶች!» ይላል። የቀን እንቅልፍ የውሰት ልብስ ነው፣ ቢለብሱትም አይሞቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ መኸር በመኸር ላይ ሲደራረብ የቢያድግልኝ እንቅልፍ ቤቱ ጠፋው። መኸሩ አልፎ ማታ አልጋ ላይ ሲወጣ ዓይኑ ይፈጣል። ቀን ደግሞ በቆመበት ይወስደዋል። እርፍ እንደጨበጠ ይተኛል፣ በሬዎቹም ቆመው ይጠብቁታል። አንድ ጊዜማ ለቅሶ ቤት ሄዶ ጥግ ይዞ ቢያንኮራፋ፣ ሴቶቹ ሟቹ ነፍስ የዘራ መስሏቸው ለቅሶውን ትተው እልል አሉ!

ይሄስ ባልከፋ። ልጁ ግን ወዶ ነበር። የወደዳት የአያ ጓንጉልን ልጅ ማንጠግቦሽን ነው። እሷም ወዳዋለች። ማለዳ እሱ ከማማው ሲወርድ እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ይገናኛሉ። «ደህና አደርክ?» ስትለው፦ «ማሽላው ደህና አድሯል» ይላታል። እሷም ትስቃለች።

ሽማግሌ ላከ። አያ ጓንጉል ኩሩ ሰው ነው። ጎፈሬው የቆመ፣ ድምፁ ከጉሮሮው ሥር የሚወጣ። እሱም፦ «ልጁን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» አለ። ሽማግሌዎቹ ቢያድግልኝን ይዘውት መጡና መደብ ላይ አስቀመጡት። ቤቱ ሞቅ ያለ ነው፣ ነገሩም ረጅም ነው። የሽማግሌን ወግ ታውቁት የለ? ከአዳም ነው የሚጀምሩት። ቢያድግልኝ ጭኑን ቆነጠጠ። ከንፈሩን ነከሰ። ኖኅ ላይ ሲደርሱ ወሰደው።

አያ ጓንጉል መልስ ሊሰጥ «እህህም!» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ቢያድግልኝ ከነእንቅልፉ ብድግ ብሎ፦ «ያውና ከርከሮው! ማሽላውን ጨረሰው! በለው!» ብሎ ጮኸና የአንዱን ሽማግሌ ከዘራ ነጥቆ አማቱ ሊያደርገው ባሰበው ሰው ላይ ወረወረ። እግዜር ረድቶት ሳተ። በዕድሜው የሳተው ያን ቀን ብቻ ነው።

አያ ጓንጉል፦ «ከርከሮ? እኔን? ይሄን እብድ ይዛችሁልኝ ውጡ!» አለ። ቢያድግልኝ ነቅቶ ያደረገውን ሲሰማ እንባው መጣ። አገሩም ወሬ ጀመረ። ቡዳ በልቶት ነው ያለ አለ። ጠበል ይግባ ያለ አለ። ሰነፍ ነው እንጂ ያለም አለ። ትናንት እንቅልፍ አያውቅም ያሉት እነሱው ናቸው እኮ! አያ ጓንጉል ደግሞ ማንጠግቦሽን ሚስቱ ለሞተችበት ለአንድ ባለ በቅሎ ሊሰጣት ተነሣ።

ማንጠግቦሽ እንባዋን ዋጠችና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ያ ልጅ ሌሊት የሚነቃው ለማን ነው?»

«ለራሱ ነዋ!»

«የርስዎንስ ማሽላ ማን ጠበቀው?»

አያ ጓንጉል ጎፈሬውን አሻሸ። ከዚያም፦ «ቢሆንስ? ሌሊት ነቅቶ ቀን ሰው መሆን ያቃተው ወንድ አይባልም። እኔ ብሆን ኖሮ...» አለ።

«እንግዲያው እርስዎ ይሁኑ!» አለች ቀበል አድርጋ። «እስከ ኅዳር ሚካኤል ማማው ላይ እርስዎ ይደሩ። የማኅበሩ ዕለት እንደ ወትሮዎ ከዋሉ የባለ በቅሎው ሚስት እሆናለሁ። ካልሆነ ግን ለቢያድግልኝ ይስጡኝ።»

እናቷ ደረቷን መታች። ኩራት መቼ ያስተኛል፣ አያ ጓንጉል «እሺ» አለና ወጣ።

ቢያድግልኝም ቤቱ ተጋደመ። ማማው የሌላ ሰው ሆነ፣ እንቅልፍ ግን አልመጣም። ጆሮው ማሳው ውስጥ ቀርቷል። ቅጠል ኮሽ ሲል እጁ ወንጭፍ ይፈልጋል። «እኔ ከእንግዲህ ለሰው አልሆንም፣ እሷም ትቅርባት» ብሎ ተስፋ ቆረጠ። የስንት ዘመን ልማድ በአንድ ሰሞን አይለቅማ።

ሚካኤል ደረሰ። ሰዉ ለማኅበሩ ተሰበሰበ። አያ ጓንጉል ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ገባ። መራቂው እሱ ነው። ቢያድግልኝ በር አጠገብ ተቀምጧል፣ ማንጠግቦሽ ከእናቷ ኋላ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። አያ ጓንጉል ዋንጫውን ይዞ ተነሣ።

«የዘንድሮውን ለከርሞ ያድርሰን!»

«አሜን!»

«የወለደ ያሳድግ!»

«አሜን!»

«አዝመራውን... አዝመራውን...» አለና አንገቱ ዘንበል አለ። ሰዉ ጠበቀ። «ከርከሮው መጣ...»

«አሜን!» አለ ሰዉ፣ አፉ ለምዶበት።

«ማሽላውን ጨረሰው!»

«አሜን!»

«አንተ ባለጌ፣ ውጣ ከዚህ! በለው!» አለና ዋንጫውን ቢወረውር የቄሱን ጥምጥም ከራሳቸው ላይ ጣለው።

ከዚያማ ማን ይቻለው! ሰዉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ቄሱም ጠላ እየተንጠባጠበባቸው ሳቁ። ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። ቢያድግልኝ ተነሣና፦ «ተዉት፣ አትጎትቱት! ከማማ የመጣ ሰው እንዲህ አይቀሰቀስም፣ ልቡ ይደነግጣል» አለ። ጎንበስ ብሎም በጆሮው፦ «አያ ጓንጉል፣ ከርከሮው ሄዷል። ማሽላው ደህና ነው» አለውና የራሱን ጋቢ አለበሰው።

አያ ጓንጉል ዓይኑን ገለጠ። የወደቀውን ጥምጥም አየ፣ ጋቢውን አየ፣ ልጁን አየ። «ልጄ፣ ይሄን ነገር ስንት መኸር ብቻህን ተሸከምከው?» አለና አለቀሰ። እውነቴን ነው፣ ያ ኩሩ ሰው አለቀሰ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ከዚያ ቀን ወዲህ ማማው በተራ ሆነ። ማማ ያደረ ሰው በማግስቱ እርፍ አይጨብጥም። ወንጭፉን ደጁ ላይ ይሰቅላል፣ ወንጭፍ የተሰቀለበት ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ማለትም ነውር ሆነ።

ሠርጉ በጥር ተደገሰ። በሠርጉ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ሙሽራው ግን የለም። «ቀረ!» ተባለ። ባለ በቅሎው ፈገግ አለ። አያ ጓንጉል ራሱ ገስግሶ ቢሄድ፣ ቢያድግልኝ ማታ እንደተጋደመ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ ሚዜዎቹም ውሃ ሊደፉበት ቅል ይዘዋል።

«ማንም እንዳይነካው!» አለ አያ ጓንጉል። ወንጭፉን ከግድግዳ አውርዶ ደጁ ላይ ሰቀለና ራሱ ዘብ ቆመ። ዶሮ ሲመጣ «እሽ!»፣ ዝንብ ሲመጣ «እሽ!»፣ የሠርጉ ዘፋኝ ሲመጣም «እሽ!» ይላል። «እሱ ለኛ ማሽላ ነቅቷል፣ ዛሬ እኔ ለሱ እንቅልፍ እነቃለሁ» አለ።

ወሬው ማንጠግቦሽ ዘንድ ሲደርስ፣ ሙሽራ ናት፣ አንገቷን ትድፋ አትበሉ፦ «ተመስገን፣ እንቅልፉ ቤቱን አገኘ!» ብላ ራሷ እልል አለች። ሠርጉ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ሙሽራውም እስኪመሽ ሲጨፍር አንዴ እንኳ አላዛጋም።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦ ከጠፋ የተጠበሰ የማሽላ እሸትም አልጠላ። ከበላሁ በኋላ ግን ወንጭፌን ደጄ ላይ እሰቅላለሁና እስኪነጋ «እማማ» የሚለኝ እንዳይኖር!