የድንጋይዋ ወይዘሮ እንቅልፍ

ድንጋይ እንኳ ሕልም ያይ በነበረበት በዚያ በሩቅ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ፣ ጉም በማይለየው በእንግሊዝ አገር፣ ማርጀሪ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር።

በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ ትልቅ የድንጋይ መቃብር ነበር። ክዳኑ ላይ ከድንጋይ የተጠረበች ወይዘሮ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ አራት መቶ ዓመት ተኝታለች። ከሥሯ ደግሞ ማንም ሳያይ ጭራቅ ገብቶ ተደብቋል።

አንድ ቀን ጠዋት እናትየው በግቢው ሣር ስታጭድ፣ ጭራቁ ክዳኑን ብድግ አድርጎ አፈፍ አደረጋትና ወደ ውስጥ ከተታት። ማርጀሪ ስትመጣ ማጭዱን ብቻ አገኘች። ከድንጋዩ ሥር የእናቷ ድምፅ «ማርጂዬ! ጭራቅ ያዘኝ!» እያለ ሲጣራ ሰማች። ክዳኑን ብትገፋ፣ ብትገፋ፣ አልነቃነቅ አላት። ላዩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

እንባዋ የወይዘሮዋን ጉንጭ ሲነካው የድንጋይ ከንፈሯ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

«ማነው የሚያለቅስብኝ?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ። እናቴን ጭራቅ ወሰደብኝ።»

«አይዞሽ ልጄ። እኔ እንቅልፍ ጠግቤያለሁ። እንቅልፌን ውሰጂና በክዳኑ ሥር ባለው ስንጥቅ ጭራቁ ላይ ሦስት ጊዜ እፍ በይበት። ብቻ እንዳትሸሺ!»

ወይዘሮዋ በማርጀሪ እፍኝ ውስጥ በረጅሙ ተነፈሰች። እንቅልፉ እንደ ጉም ነጭ፣ እንደ ጫጩት ላባ ለስላሳ ነበር። ማርጀሪንም አዛጋት። ስንጥቁ ጋ ተንበረከከች።

እፍ!

«ማነሽ አንቺ?» አለ ጭራቁ።

«የእናቴ ልጅ ነኝ።»

«በእግሬ መጥቼ እበላሻለሁ!» ሊነሳ ሲል እግሩ ተኝቷል።

እፍ!

«ማነሽ አንቺ?»

«የእናቴ ልጅ ነኝ።»

«በእጄ ጎትቼ እበላሻለሁ!» ጥቁር ጥፍሩ በስንጥቁ ወጥቶ ቀሚሷን ጨመደደ። እሷ ግን አልሸሸችም። ጥፍሩ ላላ፣ ላላ፣ ላላና እጁም ተኛ።

እፍ!

«ማነሽ... አንቺ?»

«የእናቴ ልጅ ነኝ!»

«በአፌ...» ብሎ አፉን እንደከፈተ፣ ኩርርር! የድንጋይ እንቅልፍ ነውና እሱም ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

እንቅልፍ ያለቀባት ወይዘሮ ብድግ ብላ ወረደች፤ ያንን ከባድ ክዳን እንደ ድስት ክዳን አነሳችው። እናትየው አቧራዋን እያራገፈች ወጣች፤ ማርጀሪም አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እሜቴ፣ እንግዲህ የት ይተኛሉ?» አለች ማርጀሪ።

«ማን ይተኛል? ይልቅ አራት መቶ ዓመት ስተኛ ምን ምን እንዳመለጠኝ ንገሪኝ!»

ሦስቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው በጉሙ ውስጥ ወደ ቤት ሄዱ።

የእኔ ወሬ እዚህ አለቀ፤ ፍርሃቱን ለእኔ ተዉልኝ፣ ሕልሙን እናንተ ውሰዱት።