አህያ፣ ዳገቱና ባለ ሁለት ሞላው ብስክሌት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ብስክሌት በሚነዱበት ዘመን፣ ከአንድ ረጅም ተራራ ሥር የምትኖር አህያ ነበረች። አህያ እንዴት አድርጋ ብስክሌት ትነዳለች ብላችሁ አታቋርጡኝ፤ ነዳች ካልኳችሁ ነዳች ነው።

ይህች አህያ አመዲት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ ገና ጡት ከመተዋ፣ ጨው የሚነግዱ በቅሎዎች ጭነት ታግዘናለች ብለው ወደ ተራራው አናት ይዘዋት ወጡ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ነፋሱ ከተራራው ወደ ታች በነፈሰ ጠዋት ብቻ የአመዲት ማናፋት ከሩቅ ይሰማል። ያን ጊዜ እናት የተሸከመችውን እህል እንኳ ረስታ ጆሮዋን ቀስራ ትቆማለች። እሷም መልሳ ታናፋለች። ግን ነፋሱ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይወስድም፤ ልጅቱ ትስማ አትስማ አታውቅም። ከዚያ እህሏን ተሸክማ መንገዷን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ቁራ እየበረረ መጣና ከአጥሩ ላይ አረፈ።

«እመት አህያ፣ የምሥራች! ልጅሽ ወልዳለች። እንኳን ማርያም ማረቻት!»

አህያ በአራት እግሯ ዘለለች። ቁራው ግን ወሬውን አልጨረሰም ነበር።

«አይ፣ ቶሎ ደስ አይበልሽ። ከሚመጣው እሑድ ቀጥሎ ባለው እሑድ ማግስት በቅሎዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጨው አገር ይወርዳሉ። እሷም ልጇም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋንም አትሰሚም።»

አህያ ከሥራ የምታርፈው እሑድ ብቻ ነው። እንግዲህ የቀራት ሁለት እሑድ ሆነ። በእግሯ እንዳትወጣ ዳገቱ የአያ ጅቦ ሰፈር ነው። ባሏን ይዛ ትሂድ እንዳትሉ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። አንድ ተስፋ ብቻ ነበራት። በዚያ ዘመን አንበሳ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነግሮ ነበር፦ «ጎማ ላይ ያለ አይበላም! እግሩ መሬት የነካ ግን የራሱ ጉዳይ!»

ስለዚህ አህያ ወደ እመት ቀበሮ ግቢ ሄደች። እመት ቀበሮ ብስክሌት ሻጭም ጠጋኝም ናት። አንበሳ ራሱ ብስክሌቱን የሚያሠራው እሷ ዘንድ ስለሆነ፣ በግቢዋ ውስጥ ማንም ማንንም አይነካም።

«ሦስት ክረምት ሙሉ እንጨት ተሸክሜልሻለሁ» አለች አህያ። «ዛሬ በውለታዬ ብስክሌት ስጪኝ።»

«ይገባሻል፣ እህቴ! ያሉኝ ሁለት ናቸው፤ ምረጪ።» ቀበሮ ሁለቱንም አወጣች። «ይኼኛው ከፊት ብቻ ሞላ አለው፣ ኋላው ደረቅ ብረት ነው። ጀርባ ደረቅ እንለዋለን። ይኼኛው ደግሞ ከፊትም ከኋላም ባለ ሞላ ነው። ድንጋይ ብትወጪበት ጥጥ ላይ የሄድሽ ይመስልሻል። ምን አስወራኝ፣ ራስሽ ሞክሪው!»

ከግቢው በታች ወደ ወንዙ የሚወርድ ድንጋያማ ቁልቁለት አለ። አህያ መጀመሪያ በጀርባ ደረቁ ወረደች። እያንዳንዱ ድንጋይ በኮርቻው በኩል ዘልቆ ጀርባዋ ላይ ያለውን ገጣባ፣ ያን የጭነት ቁስል፣ ነካካው። «ውይ! ውይ! ውይ!» እያለች ታች ደረሰች። ቀጥሎ በባለ ሁለት ሞላው ወረደች። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ገጣባዋ ግን ዝም አለ። ከተወለደች ጀምሮ ለስላሳ ነገር ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበርና እንባዋ መጣ።

ሁለቱንም ጊዜ ቀበሮ ታች ድረስ ወርዳ ብስክሌቱን ራሷ እየገፋች ወደ ላይ አወጣችው። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ምን በወጣሽ ትደክሚያለሽ!» ትላለች። አያችሁ ተንኮሏን?

«የኔ መንገድ እኮ ዳገት ነው» አለች አህያ። «ዳገት ላይስ እንዴት ነው?»

«ቁልቁለት የቻለ ዳገት ያቅተዋል እንዴ? ደግሞ እስቲ ገጣባሽን እዪው፤ አታሳዝኚም?»

የአህያ እናት በሕይወት ሳለች «በቅሎ ስትገዙ ዳገት አስወጥታችሁ ግዙ፤ ቁልቁለትማ ድንጋይም ይወርዳል» ትል ነበር። ይህ ምክር ለአህያ ትዝ ብሏታል። ግን ያን ዕለት ጀርባዋ ከእናቷ በላይ ጮኸባትና ባለ ሁለት ሞላውን ወሰደች። ቀበሮ በሆዷ ሳቀች። ሞላ የበዛበት ብልሽት ይበዛበታል፤ ብልሽት የበዛበት ደግሞ ደጇን ይጠናል።

አህያ ከመውጣቷ አያ ጅቦ እያለከለከ ገባ። አህያ በብስክሌት ዳገት ልትወጣ ነው ሲባል ሰምቶ፣ እግሯ መሬት እስኪነካ ሊከተላት አስቦ ነው።

«ለኔም ብስክሌት! ሁለት ሞላ ያለውን!»

«ተወስዷል፣ አያ ጅቦ።»

«እንግዲያው የተረፈውን!» ብሎ ጀርባ ደረቁን ሳይሞክር መንጭቆ ሄደ።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። አህያ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ዳገቱን ጀመረች። ወዲያው አንድ ነገር ገባት። ፔዳሉን ስትረግጥ ኮርቻው ቁጢጥ ይላል፣ ስትለቀው ብድግ ይላል። ጉልበቷ ወደ ጎማው መሄዱን ትቶ ሞላው ውስጥ ይቀራል። አሥር ጊዜ ረግጣ የአምስት ያህል እንኳ አትሄድም። ብስክሌቱ ራሱ ከባድ ነው፤ ላቧ ጠብ ጠብ ይላል።

አያ ጅቦ ከኋላዋ ነበር። እሱ ኮርቻው ይቆረቁረዋል፣ ይሳደባል፤ ግን በረገጠ ቁጥር ወደ ፊት ይሄዳል። አህያ ይህንን ልብ ብላ አየች።

«እመት አህያ፣ ደከመሽ እንዴ?» አላት ድምፁን አለስልሶ። «ትንሽ እግርሽን አሳርፊ እንጂ፣ ምን ያስቸኩላል?»

«‹አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ› ይባል የነበረው ዱሮ ነው» አለችው እየቃተተች። «ዛሬ አዋጅ አለ!»

እኩለ ቀን ሲሆን ገና ከዳገቱ ግማሽ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ነበረች። እዚያ ሳለች አመዲት ከላይ አናፋች። እንዲህ ቀርቦ ሰምታው አታውቅም። የልጅቷ ድምፅ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻካራ መሆኑን እንኳ ለየችው፤ ሕፃን ሳለችም እንዲሁ ነበር። አህያ «መጣሁ! መጣሁልሽ!» ብላ አንዴ ረገጠች፣ ሁለቴ ረገጠች። በሦስተኛው ብስክሌቱ ተንገዳገደና እግሯ መሬት ሊነካ አንድ ጣት ቀረው። አያ ጅቦ ከኋላ ምራቁን ዋጠ። ያኔ ምን ታድርግ? መሪዋን አዞረች።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ብስክሌቱ እንደ ጥጥ ነበር፤ እሷ ግን ታለቅሳለች። ገጣባዋ ምንም አላመማትም፤ ያመማት ሌላ ነው። አያ ጅቦም ዞሮ ተከተላት። ጀርባ ደረቁ ግን ከድንጋይ ድንጋይ እያፈናጠረ ምላሱን አስነክሶት ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረው።

ማታ ሁለቱም በእመት ቀበሮ ግቢ ተገናኙ።

«ያስመለጠሽ እሱ ነው!» አለ አያ ጅቦ እሾህ ከጆሮው እየነቀለ። «እሱ የኔ ቢሆን ኖሮ ከጎማው ስትወርጂ ደርሼብሽ አሁን ሆዴ ውስጥ ነበርሽ። ሁለት ሞላ ላንቺ፣ አንድ ሞላ ለኔ? ለውጪኝ!»

የአህያ ልብ ዘለለ፤ አፏ ግን ዝም አለ።

«ዝም ትይኛለሽ? እንዲያውም መደላድልሽንም ጨምሪ!»

መደላድል ማለት ጭነት ሲጫንባት ገጣባዋ ላይ የምታደርገው ድሪቶ ነው። በዓለም ላይ ያላት ለስላሳ ነገር እሱ ብቻ ነበር። አህያ ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችው።

ቀበሮ ጎተት አድርጋት በሹክሹክታ «አብደሻል? ገጣባሽስ?» አለቻት።

«ገጣባዬ የትም አይሄድም፣ አብሮኝ ይኖራል። ልጄ ግን ያለችው እስከ እሑድ ነው።»

የመጨረሻው እሑድ መጣ። አህያ በጀርባ ደረቁ ዳገቱን ያዘች። ድንጋዩ አንድ በአንድ ጀርባዋን ያገኘዋል። ጥርሷን ነከሰች። ነገር ግን በረገጠች ቁጥር ብስክሌቱ ይሄዳል፤ ከጉልበቷ አንዲት እንኳ ተሰርቃ አትቀርም። ከኋላዋ አያ ጅቦ መደላድሉን ኮርቻው ላይ ደርቦ ብድግ ቁጢጥ፣ ብድግ ቁጢጥ ይላል።

«እመት አህያ! ኧረ ቆይኝ! ምን አጣደፈሽ?»

«ደከመህ፣ አያ ጅቦ? ትንሽ እግርህን አሳርፍ እንጂ፣ ምን ያስቸኩላል?»

ብዙም ሳይቆይ ከኋላዋ ቋ! የሚል ድምፅ ሰማች። የኋላው ሞላ ክብደቱን መሸከም አቅቶት ተሰበረ። አያ ጅቦ እግሩን መሬት አሳርፎ ቀረ፤ ደግነቱ የጅብ ሥጋ የሚያምረው የለም።

አህያ ዋርካውን አለፈች። ፀሐይ አናት ላይ ከመድረሷ በፊት ከተራራው አናት ደረሰች። በቅሎዎቹ ጓዝ እያሰሩ ነበር። ከነሱ ወዲያ አንዲት ውርንጭላ በሚንቀጠቀጡ እግሮቿ ቆማ ትጠባለች። የምታጠባው ቀና አለች።

«እማዬ?»

አህያ ብስክሌቱን ትታ ተጠጋቻት። አንገቷን የልጇ አንገት ላይ ጣለች።

«ጠዋት ጠዋት አናፋ ነበር» አለች አመዲት። «ትሰሚኝ ነበር?»

«ነፋሱ የፈቀደ ቀን ሁሉ።»

«ታዲያ ለምን አልመለስሽልኝም?»

«እመልስልሽ ነበር፣ ልጄ። አንድም ቀን ዝም ብዬሽ አላውቅም። የኔን ነፋሱ አያደርስልኝም እንጂ።»

አመዲት የእናቷን ጀርባ አየች። «ደምተሻል እኮ!»

«ድንጋዩ ነው፤ ይሽራል።»

ጥላው እስኪዞር ድረስ ሦስቱ ተጠጋግተው ቆሙ። ከዚያ በኋላ ተሰነባበቱ።

ሲመሽ አህያ በቀበሮ ግቢ በኩል አለፈች። አያ ጅቦ ከተበታተነው ብስክሌቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ቀበሮም «ነገ ተመለስ» እያለች ታመላልሰዋለች። አህያን ስታይ ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

«እህስ፣ ጀርባሽን ላጠው አይደል? አላልኩሽም? ለስላሳው ይሻልሽ ነበር።»

«ለመመለስ ይሻለኝ ነበር» አለች አህያ። «እኔ ግን የፈለግሁት መድረስ ነው።»

በማግስቱ በቅሎዎቹ ወደ ጨው አገር ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ከተራራው ቢነፍስም ድምፅ ይዞ አይመጣም። ገጣባው ሽሯል፤ ናፍቆቱ ግን አልሻረም። አህያ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ታናፋለች፤ ምናልባት አንድ ቀን ነፋሱ ቢዞር ብላ ነው። አህያ ያለ ምክንያት ጮኸች ብላችሁ አትሳቁባት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰው የሚጋልበውን መምረጥ ያለበት በመቀመጫው ልስላሴ ሳይሆን የናፈቀው ባለበት መንገድ መሆኑን ነው።